የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና፦ ሌንስ ከመምረጥ እስከ መጨረሻው ጠብታ

«የትኛው ሌንስ ይሻላል?» የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግሃል የተባለ ሰው ሁሉ መጥቶ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ያለ መነጽር ምን ማየት ይፈልጋሉ? የመጽሐፍ ፊደል? የኮምፒውተር ስክሪን? ወይስ ከሩቅ የሚመጣ መኪና? ሦስቱንም እኩል ጥርት አድርጎ የሚያሳይ፣ በምትኩም ምንም የማያጎድል ሌንስ እስካሁን የለም። ስለዚህ ምርጫው የሚጀምረው ከሌንሱ ሳይሆን ከእርስዎ ውሎ ነው።

የሚደረገው ነገር በአጭሩ ይህ ነው። ከዓይንዎ ብሌን ጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ደፍርሷል። ሐኪሙ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር በምትሆን ቀዳዳ ገብተው ሌንሱን በድምፅ ሞገድ ይሰባብሩታል፤ ከዚያም መጥጠው ያወጡታል። ይህ ፋኮ የሚባለው ነው። ወይም ትንሽ ሰፋ ባለ ቀዳዳ ሌንሱን ሳይሰባብሩ ያወጡታል። ሌንሱ የነበረበት ስስ ከረጢት ግን እዚያው ይቀራል። አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ነው። የልጅነት ሌንስ ቅርጹን እየቀያየረ ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል። ሰው ሠራሹ ይህን አይችልም። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህ መመሪያ ከሐኪምዎ ጋር ለመነጋገር ያዘጋጅዎታል እንጂ ሐኪምዎን አይተካም። ሐኪምዎ ከዚህ የተለየ ካሉዎት የእሳቸውን ይከተሉ፤ ዓይንዎን ያዩት እሳቸው ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- ሜትር (የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል)
- አሁን የሚጠቀሙበት መነጽር በሙሉ፣ ካለ የድሮውም
- የሚወስዱት መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር
- ከዚህ በፊት ስለ ዓይንዎ የተጻፈ ማንኛውም የሕክምና ወረቀት
- ከፊት የሚቆለፍ ሸሚዝ (በጭንቅላት የሚጠለቅ ልብስ ዓይን ይነካል)
- ጥቁር መነጽር
- ወደ ቤት የሚወስድዎ ሰው
- የታዘዙልዎ ጠብታዎች፣ የዓይን መሸፈኛ ፕላስቲክና የቁስል ፕላስተር
- ማንቂያ ደወል ያለው ስልክ

ደረጃ 1፦ ጊዜው መድረሱን ያረጋግጡ

ሞራው «እስኪበስል» መጠበቅ የድሮ ነገር ነው። ዛሬ የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ኑሮዎን እያወከ ነው ወይ? ማታ የመኪና መብራት እየተበተነ ያስቸግርዎታል? መነጽር ቢቀየርም ማንበብ እምቢ ብሏል? ደረጃ ሲወርዱ ይፈራሉ? መልሱ አዎ ከሆነ ቀጠሮ ይያዙ። ካልሆነና ሐኪምዎም ሌላ ምክንያት ካላዩ፣ ጥቂት ቢቆዩ ችግር የለውም። ዓመታት ማቆየት ግን ሌላ ነገር ነው። ሌንሱ እየጠነከረ ሲሄድ ለማውጣት ይከብዳል፤ ዓይንም ቶሎ አያገግምም።

ሞራን የሚያሟሟ ጠብታ የለም። አለ ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ብርዎን ኪስዎ ውስጥ ይተዉት።

በምርመራው ዕለት የዓይንዎን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግልዎታል። ሐኪሙ በዚያ በኩል ከኋላ ያለውን ሬቲና፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን ክፍል፣ ያያሉ። ይህ ምርመራ መዘለል የለበትም። ብዥታው ከሬቲና ሕመም የመጣ ከሆነ ሞራውን ማውጣት ብቻውን እይታዎን አይመልስም፤ የሌንስ ምርጫዎም ይለወጣል። ጠብታው ለጥቂት ሰዓታት ስለሚያደበዝዝ መኪና እየነዱ አይሂዱ።

ደረጃ 2፦ ለአንድ ሳምንት ርቀት ይመዝግቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ነው። ዓይንዎ በቀን የሚውልበትን ሥራ ደብተሩ ላይ ይጻፉ። ከጎኑ በሜትር የለኩትን ርቀት ያስቀምጡ። መጽሐፍና ስልክ ብዙውን ጊዜ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ይሆናሉ። ኮምፒውተር፣ የወጥ ቤት ሥራ፣ የመኪናው ዳሽቦርድ ከ60 እስከ 80 አካባቢ ናቸው። መንገድ፣ ቴሌቪዥን፣ ከማዶ የቆመ ሰው ፊት ደግሞ ከ2 ሜትር በላይ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሁለት ነገር ያክብቡ። አንደኛው፣ መነጽር አድርጌ ብሠራው በጣም ይሰለቸኛል የሚሉት። ሁለተኛው፣ መነጽር ባደርግለትም ግድ የለኝም የሚሉት። ማታ ማታ መኪና የሚነዱ ከሆነ ለብቻው ይጻፉት፤ በኋላ ብዙ ነገር ይወስናል።

ለምን ይህን ያህል? ሐኪም ፊት ተቀምጦ «ሁሉንም ማየት ነው የምፈልገው» ማለት ቀላል ነው። ሐኪሙ ግን በዚያ መልስ ሌንስ መምረጥ አይችሉም።

ደረጃ 3፦ እነዚህን ሳይደብቁ ይንገሩ

- ታምሱሎሲን ወይም ሌላ የፕሮስቴት መድኃኒት ወስደው ከሆነ። ከዓመታት በፊት ያቆሙት ቢሆንም ይናገሩ። መድኃኒቱ በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለቀለሙን የዓይን ክፍል ያላላዋል፤ በቀዶ ሕክምናው መሃል ብሌኑ ይጠብባል። ሐኪሙ አስቀድመው ካወቁ ይዘጋጁበታል። ሳያውቁ ከገቡ ግን ቀላሉ ሥራ ይከብዳል።
- ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ። በራስዎ ውሳኔ አያቁሙት። አብዛኛውን ጊዜ ማቆም አያስፈልግም፤ ማቆሙ ራሱ ለልብና ለአንጎል አደጋ ሊሆን ይችላል።
- ስኳር ካለብዎት። በዕለቱ ጠዋት ምን እንደሚበሉ፣ መድኃኒቱን ወይም ኢንሱሊኑን ምን እንደሚያደርጉት ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።
- ከመነጽር ለመገላገል ዓይንዎን በሌዘር ታክመው ከሆነ። ሌዘሩ የኮርኒያውን (ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን) ቅርጽ ስለሚቀይር የተለመደው የሌንስ ስሌት ይሳሳታል። የድሮው ወረቀት ካለዎት ወርቅ ነው፤ ይዘው ይሂዱ።
- ዓይንዎ ተመትቶ የሚያውቅ ከሆነ፣ ለመድኃኒት አለርጂ ካለብዎት፣ በጀርባ መተኛት የሚከብድዎ ከሆነ፣ ሳል የሚያስቸግርዎ ወይም ጆሮዎ የሚደክም ከሆነ።

ደረጃ 4፦ ለልኬቱ ዓይንዎን ያዘጋጁ

የሌንሱ ቁጥር የሚወጣው ከሁለት ዋና ልኬቶች ነው፦ ከዓይንዎ ርዝመትና ከኮርኒያው ጉብታ። እዚህ ላይ ትንሽ ስህተት ትንሽ አይደለም። በዓይን ርዝመት ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት የመነጽር ቁጥርዎን በ2.5 ዳዮፕተር (የመነጽር ቁጥር የሚለካበት ነው) ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሊያዛባው ይችላል።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ከልኬቱ በፊት ያውልቁት። ለስላሳውን ቢያንስ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ ጠንካራውን ደግሞ ከዚያ በላይ። ትክክለኛውን ጊዜ ሐኪምዎ ይነግሩዎታል። ኮንታክት ሌንስ ኮርኒያውን ይጫነዋል፤ ወደ ራሱ ቅርጽ ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል። ጠዋት አውልቆ ከሰዓት መለካት አይሠራም።

የዓይን ድርቀት ወይም የሽፋሽፍት ሥር መቆጣት ካለም አስቀድሞ ይታከም። ደረቅ ኮርኒያ ዛሬና ነገ የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። የተቆጣ ሽፋሽፍት ደግሞ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የሁለቱ ዓይኖች ልኬት በጣም ከተራራቀ «ይደገምልኝ» ማለት ነውር የለውም።

ደረጃ 5፦ የሌንሱን ዓይነት ይምረጡ

ሞኖፎካል። አንድ ርቀት ብቻ ያሳያል፤ ያንን ግን ጥርት አድርጎ ነው። አብዛኛው ሰው ለሩቅ ያስተካክለውና ለንባብ መነጽር ያደርጋል። ማታ መብራት ላይ የሚያሳየው የብርሃን መበተንና ቀለበት ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ርካሽ ስለሆነ ዝቅ ያለ የሚመስላቸው አሉ፤ በጥራት ግን ማንም አይበልጠውም።

ቶሪክ። ኮርኒያዎ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ክብ ካልሆነ አስቲግማቲዝም አለብዎት ይባላል። ቶሪክ ይህንን የሚያስተካክል ሌንስ ነው። ከሞኖፎካልም ከሌሎቹም ጋር ተጣምሮ ይሠራል። የሚታሰበው አስቲግማቲዝሙ ወደ 1 ዳዮፕተር ሲጠጋ ወይም ሲያልፍ ነው። አንድ ነገር ይወቁ፦ ሌንሱ ዓይን ውስጥ በትክክለኛው ማዕዘን መቀመጥ አለበት። በዞረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጥቅሙ 3 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ 30 ዲግሪ ከዞረ ጥቅሙ ዜሮ ነው። ቢዞር እንዴት እንደሚመልሱት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ኢዶፍ። ሩቁንና መካከለኛውን ርቀት ያያይዛል። ኮምፒውተር ላይ ለሚውል ሰው ይመቻል። ደቃቅ ጽሑፍ ለማንበብ ግን መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል።

መልቲፎካልና ትራይፎካል። ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ይከፋፍሉና ለሩቅም ለቅርብም ያካፍሉታል። ብዙ ሰው በነዚህ ሌንሶች ከመነጽር ይገላገላል። ግን ብርሃን ሲከፋፈል የሚጎድል ነገር አለ። ማታ በመብራት ዙሪያ ቀለበት ይታያል፤ ደብዘዝ ባለ ቦታ ነገሮች በደንብ አይለዩም። አብዛኛው ሰው በወራት ውስጥ ይለምደዋል። የማይለምደውም አለ፤ ሌንሱን እስከ ማስቀየር የሚደርስም አለ። የማኩላ (የሬቲናው መሃል) ሕመም፣ የገፋ ግላኮማ (የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ ሕመም) ወይም ከባድ የዓይን ድርቀት ካለ አይመከርም። ሥራቸው ማታ መንዳት ለሆነም እንዲሁ።

ሞኖቪዥን። ይህ ሌንስ ሳይሆን ዘዴ ነው። አንዱ ዓይን ለሩቅ፣ ሌላው ለቅርብ በሞኖፎካል ይስተካከላል፤ አንጎል ሁለቱን ያቀናጃል። ለአንዳንዱ ድንቅ ነው፣ ሌላውን ያዞረዋል። ሞራው ገና ቀላል ከሆነ በኮንታክት ሌንስ ለተወሰኑ ቀናት ይሞክሩት። ሳይሞክሩ መግባት ቁማር ነው።

አሁንም ከተጠራጠሩ ወደ ሞኖፎካል ያዘንብሉ። የሞኖፎካል ጉድለት በመነጽር ይሟላል። የመልቲፎካልን ቀለበት ግን የትኛውም መነጽር አያጠፋውም።

ደረጃ 6፦ ትኩረቱ የት እንዲሆን ይወስኑ

የሌንስ ዓይነት መምረጥ ግማሹ ሥራ ነው። ሞኖፎካል ከሆነ ለየትኛው ርቀት ይስተካከል የሚለው ይቀራል።

ይህ በተለይ የሚመለከተው ሩቅ የማያዩትን፣ መነጽራቸውን አውልቀው ግን ጥሩ የሚያነቡትን ነው። ለምሳሌ ቁጥርዎ ከዜሮ በታች 3 ከሆነ ያለ መነጽር 33 ሳንቲ ሜትር ላይ ጥርት ብሎ ይታይዎታል። ዕድሜ ልክዎን አልጋ ላይ ጋደም ብለው መነጽር አውልቀው አንብበዋል። አዲሱ ሌንስ ለሩቅ ቢስተካከል ያ ልማድ በአንድ ቀን ያበቃል። መንገዱ ይጠራል፣ መጽሐፉ ይደበዝዛል። «ዓይኔን አበላሹት» ብለው ከሚያማርሩት ብዙዎቹ ቀዶ ሕክምናው የተሳካላቸው ናቸው፤ ይህን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከሆኑ «ለቅርብ ይስተካከልልኝ፣ ለሩቅ መነጽር አደርጋለሁ» ማለት መብትዎ ነው።

ደግሞም ስሌቱ ግምት መሆኑን አይርሱ። አብዛኛው ሰው ከታቀደው በግማሽ ዳዮፕተር ልዩነት ውስጥ ያርፋል፤ ሁሉም ግን አይደለም። «ከዛሬ በኋላ መነጽር አይነኩም» የሚል ቃል ከተገባልዎ በጥርጣሬ ይስሙት።

ውሳኔው ሲያልቅ ወረቀት ላይ ያስጽፉት፦ የቀኝ ወይስ የግራ ዓይን፣ የሌንሱ ዓይነት፣ የትኩረቱ ርቀት። አልጋው ላይ ከተኙ በኋላ የሚቀየር ነገር የለም።

ደረጃ 7፦ ዋዜማውና ዕለቱ

ጠብታዎቹን አስቀድመው ይግዙ። ማታ ፊትዎንና ፀጉርዎን በደንብ ይታጠቡ፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ቀናት እንደ ልብ መታጠብ የለም። ኩል፣ ቅባት፣ ሜካፕ አይቀቡ። ምግብና ውኃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድ የተነገርዎትን ይከተሉ።

በዕለቱ ስምዎንና የትኛው ዓይን እንደሚሠራ ደጋግመው ይጠይቁዎታል። አይሰልቹ። የተሳሳተ ዓይን እንዳይነካ የሚጠብቀው ይኸው መደጋገም ነው። ከሚሠራው ዓይን በላይ ምልክት መደረጉንም ይመልከቱ።

ማደንዘዣው አብዛኛውን ጊዜ ጠብታ ነው፤ አንዳንዴም በዓይን ዙሪያ የሚሰጥ መርፌ ይሆናል። እንቅልፍ አይወስድዎትም። «ዓይኔን ብጨፍንስ?» የሚለው ፍርሃት የሁሉም ነው፤ የዓይን ቆቡን ከፍቶ የሚይዝ መሣሪያ ስላለ ቢፈልጉም አይጨፍኑም። መሣሪያ ሲመጣ አያዩም። የሚያዩት ደማቅ ብርሃንና የሚንቀሳቀስ ቀለም ነው። ውኃ ሲፈስና ጫን ሲል ይሰማዎታል። ሥራው ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሳል ከመጣብዎ ወይም መንቀሳቀስ ከፈለጉ ቀድመው ይናገሩ፤ ሐኪሙ እጃቸውን ያቆማሉ። ሳይናገሩ መንቀሳቀስ ነው አደጋው። ካመመዎትም አይታገሡ፣ ማደንዘዣ ይጨመራል።

ከመውጣትዎ በፊት የሌንስ ካርድዎን ይቀበሉ። የሌንሱ ዓይነት፣ ቁጥሩና መለያው የተጻፈበት ነው። ወደፊት ዓይንዎን የሚያይ ማንኛውም ሐኪም ይፈልገዋል።

ደረጃ 8፦ ጠብታውን በትክክል ያድርጉ

ሀ. እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጠርሙሱ ላይ «ይናጥ» ከተባለ ይናጡት፤ ካልተናጠ መድኃኒቱ ታች ተቀምጦ ውኃውን ብቻ ነው የሚያገኙት።

ለ. ቀና ብለው የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ይሳቡ። አንድ ጠብታ ይበቃል። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንዎንም ጣትዎንም አይንካ፤ ከነካ ጀርም ይይዛል።

ሐ. ዓይንዎን ቀስ ብለው ይክደኑ። በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ጫን ያድርጉት። ይህ መድኃኒቱ በእንባ ቧንቧ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ያግደዋል።

መ. ሌላ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ወዲያው ካስከተሉ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ሰዓቱን ስልክዎ ላይ ይሙሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው 4 ሳምንት አካባቢ ይቆያል። ስቴሮይድ (መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለው ጠብታ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው የሚቆመው። ድንገት ካቋረጡት ዓይኑ መልሶ ሊቆጣ ይችላል። ከታዘዘው ጊዜ በላይ ከቀጠሉት ደግሞ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል።

ደረጃ 9፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

መቆርቆር፣ ማልቀስ፣ ብርሃን መፍራት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይኖራል። ነጭ ነገር ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ቢመስልዎ አይደንግጡ፤ ሞራው ለዓመታት ቢጫ አድርጎ ሲያሳይዎ ነበር። በእይታዎ ጠርዝ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጥላ የሚያዩም አሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከጊዜ ጋር ይጠፋል።

ዓይንዎን አይሹት። ሲተኙ ለአንድ ሳምንት ያህል በፕላስቲኩ መሸፈኛ ይሸፍኑት፤ ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ዓይኑን ያሻል። ሳሙናና የቧንቧ ውኃ ዓይን ውስጥ አይግባ፤ ፀጉር ሲታጠቡ ወደ ኋላ አዘንብለው ይታጠቡ። ዋና፣ ከባድ ዕቃ ማንሳትና አቧራ ያለበት ሥራ ሐኪምዎ እስኪፈቅዱ ይቆዩ። ማንበብና ቴሌቪዥን ማየት ግን ይቻላል፤ ዓይኑን አይጎዳውም። መኪና የሚነዱት ሐኪምዎ እይታዎን ለክተው ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ ከሚከተሉት አንዱን ካዩ ቀጠሮዎን አይጠብቁ፤ ማታም ቢሆን ዕለቱን ይሂዱ።

- እየጨመረ የሚሄድ ሕመም ወይም መቅላት
- ከተሻለ በኋላ እየቀነሰ የሚሄድ እይታ
- መግል መሰል ፈሳሽ
- ድንገት ብልጭታ፣ ብዙ ተንሳፋፊ ጥቁር ነጥቦች ወይም ከጎን እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ
- ከራስ ምታትና ማስመለስ ጋር የመጣ የዓይን ሕመም

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዓይን ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን ሊሆኑ ይችላሉ። እምብዛም አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ሰዓታት ለውጥ ያመጣሉ። አራተኛው የሬቲና መላቀቅ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው የዓይን ግፊት መናር ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 10፦ ሁለተኛው ዓይንና መነጽሩ

ሁለቱም ዓይኖች ሞራ ካለባቸው ብዙውን ጊዜ በተለያየ ቀን ነው የሚሠሩት። በመሃሉ ሁለቱ ዓይኖች አልስማማ ሊሉ ይችላሉ፤ በተለይ መነጽርዎ ወፍራም ከነበረ። በተሠራው ዓይን በኩል ያለውን የመነጽር መስታወት ማስወጣት ወይም ላልተሠራው ኮንታክት ሌንስ ማድረግ ይረዳል፤ ሐኪምዎን ያማክሩ።

ይህ ጊዜ ለውሳኔም ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዓይን ውጤት ምን ሆነ? ማታ ቀለበት ያስቸግራል? ኮምፒውተሩ ይታያል? የድሮውን ደብተር አውጥተው እያዩ ለሐኪምዎ ይንገሩ። ለሁለተኛው ዓይን ዕቅዱን ማስተካከል ይቻላል።

ቋሚ መነጽር ለመግዛት አይቸኩሉ። ዓይኑ ተረጋግቶ ቁጥሩ እስኪጸና ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይጠብቁ። እስከዚያ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ተራ የንባብ መነጽር ይበቃል።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ለጎረቤት የተሠራለትን ሌንስ ስም ይዞ መጥቶ «ያንኑ አድርጉልኝ» ማለት። የጎረቤት ሬቲና የእርስዎ አይደለም።

ዓይኑ ሲጠራ ጠብታውን መተው። መጥራቱ ውስጡ ድኗል ማለት አይደለም።

ውዱ ይሻላል ብሎ ማሰብ። ማኩላው ለታመመ ሰው ውዱ መልቲፎካል ከተራው ሞኖፎካል የባሰ ነው።

በማግስቱ እይታ ተስፋ መቁረጥ። ኮርኒያው አብጦ ከሆነ የመጀመሪያው ሳምንት ብዥ ሊል ይችላል። ሕመም እስከሌለና ቀን በቀን እየተሻለ እስከሄደ ድረስ ይታገሡት።

የመጨረሻው ደግሞ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እንደገና ብዥ ሲል «ሞራው ተመለሰ» ብሎ ቤት መቀመጥ ነው። ሞራ አይመለስም። የደፈረሰው ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ነው። ያግ የሚባል ሌዘር መሃሉን በጥቂት ደቂቃ ይከፍተዋል፤ መቁረጥም መስፋትም የለውም። ከሌዘሩ በኋላ ብልጭታ ወይም አዲስ ተንሳፋፊ ነጥብ ካዩ ግን ከላይ ባለው የማስጠንቀቂያ ዝርዝር መሠረት ዕለቱን ይሂዱ።